የማያልቀው ጀሪካን

አንዲት ሴት ቢጫ ጀሪካን ይዛ የግቢው ቧንቧ ሥር ቆማለች። ግራ ቀኝ ታያለች። ውሃ ለመቅዳት ግራ ቀኝ ማየት ምን አመጣው? ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

ሐመልማል ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፣ አግብታለች፣ ሥራ ግን አላገኘችም። አንድ መሥሪያ ቤት ለቅጥር ፈተና ቀን ስለቆረጠ ከመጽሐፍ ጋር ተፋጥጣ ትውላለች። ሌላውን ሁሉ እንደምንም ትወጣዋለች። "ከበርሜሉ ይህን ያህል ወተት ተቀድቶ በምትኩ ውሃ ቢጨመር" የሚለው ላይ ስትደርስ ግን፣ "ወተት ላይ ውሃ የሚጨምር ሰው ደግሞ ምን አፍ አለውና ይጠይቀኛል?" ብላ ገጹን ትገለብጠዋለች።

አማቷ እማማ ደብሪቱ እግራቸውን ታመው ቤት ከዋሉ ሰንብተዋል። አርባ ቀን ጠበል ሊጠጡና እግራቸውን ሊታጠቡበት ሱባኤ ያዙ። ጠበሉ ያለው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው፤ ከታክሲ ተወርዶ የአንድ ሰዓት ዳገት አለው። ሐመልማል፣ "በየዐሥር ቀኑ ሃያ ሊትር አመጣልዎታለሁ እማማ፣ ሐሳብ አይግባዎ" አለች። በቀን ሁለት ሊትር፣ በዐሥር ቀን ሃያ። ይህን ሒሳብ ማን ያቅተዋል?

የመጀመሪያውን አመጣች። ሁለት ሊትር ተቀድቶ ሲጎድል አየችና ያን ዳገት አሰበች። ፈተናውንም አሰበች። "ትንሽ ውሃ ብጨምርበትስ? ጠበሉ ራሱ ይባርከው የለ?" አለች። አማቷ ለሠርክ ጸሎት ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ ሲያዞሩ፣ እሷ ጀሪካኑን ወደ ቧንቧው። ሁለት ሊትር ወጣ፣ ሁለት ሊትር ገባ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ጀሪካኑ ጎደለ? አልጎደለም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን እማማ ደብሪቱ ጀሪካኑን በከዘራቸው ቆረቆሩት። "አንቺ ልጅ፣ ይኼ ነገር አያልቅም እንዴ?"

"በረከት ነዋ እማማ!"

ከአፏ አመለጣት። እማማ ደብሪቱ ግን በልባቸው አኖሩት።

በሃያኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ምራታቸውን ጠርተው አስቀመጧት። "ለአባ ነግሬያቸዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ተደግፌም ቢሆን ሄጄ እመሰክራለሁ። ተአምር አይቶ ዝም ማለት ያስጠይቃል። ጎረቤታችን ጽጌማ ለባሏ ጨጓራ ጠርሙስ ሙሉ ቀድታ ሄደች።"

ሐመልማል የምትገባበት ቢጠፋት መጽሐፏን ከፍታ አቀረቀረች። የተከፈተው ደግሞ ያው ገጽ ነው። በርሜሉ ሃያ ሊትር ይይዛል፤ በየቀኑ ሁለት ሊትር እየተቀዳ በውሃ ይተካል። ከዐሥር ቀን በኋላ ወተቱ ስንት ይቀራል?

በዚያ ቀን ገጹን አልገለበጠችውም። ማወቅ ፈለገች። በመጀመሪያው ቀን ዐሥራ ስምንት ሊትር ቀረ። በሁለተኛው ዐሥራ ስድስት? አይደለም! በሁለተኛው ቀን የሚቀዳው ድብልቁ ነው፤ ስለዚህ ከቀረው ላይ ከዐሥር አንዱ ብቻ ይሄዳል። ዐሥራ ስድስት ሊትር ከጥቂት ቀረ ማለት ነው። ነገሩ ጣማት! የምትቆጥረው የገዛ ኃጢአቷን መሆኑን ረስታ፣ እርሳሷን እያኘከች ቀጠለች። በዐሥረኛው ቀን ሰባት ሊትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በሃያኛው ቀን፣ ማለትም ዛሬ፣ ሁለት ሊትር ተኩል እንኳ አይሞላም።

ዜሮ የሚሆነውስ መቼ ነው? ብላ ደግሞ አሰላች። መቼም! በወረቀቱ ላይ ሺህ ቀን ብትቀጥልም ቅንጣት ታህል ትቀራለች። "ተመስገን፣ እንግዲያው አልዋሸሁም፤ ጠበል አለበት" አለች። አያችሁ፣ ሒሳብ ጠበቃ ሲሆን?

ከዚያ ቀና ብላ ጀሪካኑን አየችው። እስከ አፉ ሙሉ ነው። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን ሙሉ ነው። ያን ጊዜ ደነገጠች። ቢጎድልማ ኖሮ ማን ይታለል ነበር?

ሄዳ አማቷ እግር ሥር ተንበረከከች። "እማማ፣ በረከት አይደለም። ቧንቧ ነው።" ሁሉንም ነገረቻቸው።

እማማ ደብሪቱ ጀሪካኑን በከዘራቸው ነካ አደረጉት። "ታዲያ ዛሬ ስንት ቀረልኝ?"

"ሁለት ሊትር ተኩል... አይሞላም።"

"እግሬስ ይሁን። እሑድ በታቦት ፊት ልታስቀጥፊኝ ነበር'ኮ፣ በዚህ ዕድሜዬ!"

"ይማሩኝ እማማ። ነገ ንጹሑን አመጣና ከዚህ ሁለት ሁለት ሊትር እያወጣሁ በእሱ እተካዋለሁ።"

"እንደሱ እያልሽ መቼ ይጠራል?"

ሐመልማል አሰበች። ያው ሒሳብ ነው፣ ዞሮ መጣ። "ፈጽሞማ... አይጠራም።"

"ታዲያ አንቺ የተማርሽው ምን ቁጭ ያደርግሻል? ድፊው!"

እግር የማይረግጠው ቦታ መርጣ፣ ከአጥሩ ጥግ ወይራው ሥር ደፋችው። ጽጌንም ደጇ ድረስ ሄዳ ነገረቻት። ቅዳሜ ማለዳ ባዶ ጀሪካኗን ይዛ ዳገቱን ወጣች።

እሑድ እማማ ደብሪቱ ተደግፈው በሕዝቡ ፊት ቆሙ። ሐመልማል ዓምድ ተከልላለች። "ተአምር አይቻለሁ!" አሉ። ሴቶቹ ለእልልታ አፋቸውን ከፈቱ። "ምራቴ ሳትጠየቅ እውነቱን ነገረችኝ!"

አማት የሆነች ሁሉ እልልታውን አቀለጠችው።

ሳቃችሁ? ሳቁ። ግን የየራሳችሁን ጀሪካን አንዴ ቀና ብላችሁ እዩት። ከጸሎታችሁ ዐሥር ደቂቃ ወጣ፣ ዐሥር ደቂቃ ስልክ ገባ። ከፍቅራችሁ አንድ ጣሳ ወጣ፣ አንድ ጣሳ ለሰው ይምሰል ገባ። ጎደለባችሁ? አልጎደለም! ነጠላው ያው ነው። ስግደቱ ያው ነው። "እግዚአብሔር ይመስገን" ማለቱም ያው ነው። እስከ አፋችሁ ሙሉ ናችሁ።

"ኧረ እኔ ጨርሶ አልጠፋሁም፤ ውስጤ እምነት አለ" ትላላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ ሒሳቡም ይመሰክርላችኋል። ግን የጨነቀው ሰው ጠርሙስ ይዞ ደጃችሁ ሲመጣ የምትቀዱለት ምንድን ነው?

ቧንቧው ሥር ቆማችሁ ግራ ቀኝ የምታዩ ካላችሁ፣ ድፉት። ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ለማጥራት አትሞክሩ፤ ድፉትና ወደ ምንጩ ውጡ። ዳገቱን ፈራችሁ? ዳገቱ ያው ዳገት ነው። ባዶ ጀሪካን ግን፣ ወገኖቼ፣ ሽቅብ ሲይዙት አይከብድም።