ከአንገት የማይወርደው ቁልፍ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ሥራ ተቋራጭ ነበሩ። ሰው ስለማያምኑ የመጋዘኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ እሳቸው በእጃቸው ካልከፈቱ አንዲት ሚስማር አትወጣም።

አንድ ቀን አሮጌዋ ትንሽ ሎደራቸው የአፈር መዛቂያ ባኬቷን ማንሳት አቃታት። አፈር ዝቃ ግማሽ ላይ ስትደርስ ታቃስትና ትተወዋለች። አቶ ደምመላሽ ሠራተኛውን ሰብስበው ኦፕሬተሩን ለገሰን፣ "አንተ ነህ የገደልካት" አሉት። መካኒክም አስጠሩ።

መካኒኩ ገና የመሣሪያ ሳጥኑን ሳያስቀምጥ፣ "ስማ" አሉት፤ "የማሽኔን ጉልበት የበላውን ሰው በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ታሳየኛለህ። ዛሬውኑ አሰናብተዋለሁ። ካላሳየኸኝ አንተም ከለገሰ ጋር ትሄዳለህ።"

"ማንም ይሁን ማን?" አለ መካኒኩ።

"ማንም ይሁን ማን። ብያለሁ።"

መካኒኩ ሞተሩን አስነስቶ ፓምፑን አዳመጠ፤ ያፏጫል። ባኬቷን ወደ ላይ የሚገፋው የሃይድሮሊክ ዘይት ምን ያህል እንደሆነ ማሳያውን አየ፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ወርዷል።

"ዘይት ለምን አልጨመርክም?" ሲል ለገሰን ጠየቀው።

"መጋዘን ውስጥ ሁለት በርሜል አለ። ጋሼን ይክፈቱልኝ ስላቸው ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ 'ነገ' ይሉኛል።"

መካኒኩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ አቶ ደምመላሽ ዞረ።

"ጋሼ፣ ማሽኗ ደህና ናት፤ ዘይት አጥሯት አየር እየማገች ነው። ጥፋተኛውንም አግኝቼዋለሁ። ግን እርስዎን ማን ያሰናብታል? እንግዲህ ቃልዎ እንዳይታጠፍ፣ ቁልፉን ከአንገትዎ ያሰናብቱልን።"