የሰንበሌጥ ሜዳ ገለባ

«ሮጦ የወጣ መካሪ አጣ» እያላችሁ በስንት ወጣት ላይ ተሳለቃችሁ? በልጅነቱ የተሾመ ሲሳሳት፣ በልጅነቱ ሱቅ የከፈተ ሲከስር፣ ይህችን አባባል ትመዙና ፊቱ ላይ ትወረውራላችሁ። የምትወረውሩት ግን ግማሿን ነው። ሌላውን ግማሽ ማን እንደዋጠው አላውቅም፤ ለምን እንደተዋጠ ግን አውቃለሁ። አባባሏ የተወለደችበትን ታሪክ ስሙና፣ ከዚያ በኋላ መሳቅ ከቻላችሁ ሳቁ።

ጮቄ የሚባል ትንሽ አየር መንገድ ነበር። አራት ባለፕሮፔለር አውሮፕላኖች ይዞ፣ ክረምት ሲገባ መንገድ ወደሚቆረጥባቸው ወረዳዎች ዓመቱን ሙሉ ይበር ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ካፒቴኖቹ ወደ ዓረብ አገር ሄዱበት። አውሮፕላን አለ፣ ተሳፋሪ አለ፣ ካፒቴን የለም። የበረራ ኃላፊው አቶ ዘርጋው፣ ሩፋኤል የሚባለውን የሃያ ስድስት ዓመት ረዳት አብራሪ ቢሮው ጠራው።

«አራት ዓመት ትጠብቃለህ ወይስ በሚቀጥለው ወር ካፒቴን ትሆናለህ?»

«ደንቡስ? ከካፒቴን ጥላዬ ጋር ስልሳ ጊዜ አውሮፕላን ማሳረፍ አለብኝ።»

«እስካሁን ስንቴ አሳረፍክ?»

«አሥራ ሁለት።»

«እጅህ ጥሩ ነው፤ ይበቃሃል። ፈርም።»

ፈረመ። ማን አይፈርምም? ከእናንተ መሐል «አይ፣ እኔ ገና ነኝ» ብሎ ሹመት የመለሰ ካለ እጁን ያውጣ።

ካፒቴን ጥላዬ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት የቀራቸው አንጋፋ ነበሩ። ሩፋኤልን ኮሪደር ላይ አስቁመው፣ «ሰንበሌጥ ሜዳ ማረፊያ ላይ አብረን አርፈን አናውቅም» አሉት።

«ካርታው አለኝ፣ ጋሼ።»

«ካርታው ላይ ጋሽ ደርሰህ የሉም።»

ሩፋኤል ጋሽ ደርሰህ ማን እንደሆኑ አልጠየቀም። አዲሶቹን አራት የካፒቴንነት የወርቅ መስመሮች ትከሻው ላይ እያስተካከለ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት በቀኙ ወንበር ረዳቱ ሆኖ የተቀመጠው አብነት ነበር። አብረው የተማሩ፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው የኖሩ ናቸው። «ሩፌ፣ ከፍታህን እያት!» አለው አብነት እንደ ልማዱ። አስተናጋጇ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። የሩፋኤል ጆሮ ጋለ።

«ካፒቴን በለኝ።»

አብነት ትንሽ አየው። «እሺ፣ ካፒቴን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንብ ከሚያዝዘው ቃል በቀር ከአብነት አፍ የሚወጣ ነገር ጠፋ። ሌሎቹም ያው ናቸው። ዓመታት ተራቸውን የጠበቁት ረዳቶች ሰላምታቸውን አሳጠሩ። ምሳ ሰዓት ሠራተኞቹ አንድ ትሪ ከበው ሲሳሳቁ ሩፋኤል ወደእነሱ ጠጋ ካለ ሳቁ ይቆማል፤ ሁሉም ብድግ ይላሉ። «ይቀመጡ፣ ካፒቴን።» እሱም «ብሉ፣ ብሉ» ይልና ሳህኑን ይዞ ወደ መስኮቱ ዳር ይመለሳል። አንዳንድ ቀን የካፒቴን ጥላዬን ቁጥር ከስልኩ ያወጣል። «ምን ብዬ? አላውቅም ልበል?» ይልና ሳይደውል መልሶ ኪሱ ይከተዋል። አላውቅም ማለት የሚቻለው ረዳት ሳሉ ነበር፤ ያንን ዕድል ፈርሞ ሰጥቶታል።

በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሠላሳ አራት ሰው ጭኖ ወደ ሰንበሌጥ ሜዳ መጣ። የሜዳው አንደኛው ጫፍ ገደል ነው፤ ሌላኛው ጫፍ አውድማ ነው። አውሮፕላን ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ነው የሚያርፈው፤ ነፋስ ከኋላው ከገፋው አይቆምም። ሩፋኤል የነፋስ አመልካቹን ጨርቅ ተመለከተ። ጨርቁ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏልና ነፋስ የለም ብሎ አሰበ። አዲስ የተሠራ የማዳበሪያ መጋዘን ጨርቁን ከነፋስ እንደጋረደው አላወቀም፤ ካርታውም ይህን አይናገርም።

ጋሽ ደርሰህ ያውቁ ነበር። የሜዳው ዘበኛ ናቸው፤ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱን ከሜዳው ያባርራሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸው ዳሩ ላይ ጤፍ ይወቃሉ። መጋዘኑ ከቆመ ወዲህ፣ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ በመንሻቸው ገለባ አንስተው ወደ ሰማይ ይበትናሉ። ካፒቴን ጥላዬ ከሜዳው በላይ አንድ ጊዜ ዞረው፣ ገለባው ወዴት እንደሚሄድ አይተው ያርፉ ነበር።

የዚያን ቀንም በተኑ። ገለባው ከገደሉ በኩል በሚነፍሰው ነፋስ ወደ አውድማው ማዶ በረረ፤ ሩፋኤል ደግሞ የሚገባው በዚያው በገደሉ በኩል ነው። አብነት ከካፒቴን ጥላዬ ጋር እዚያ አርፎ ያውቃልና ገለባውን አይቶ ነፋሱ ከኋላቸው እንደሆነ ገባው።

«ካፒቴን...»

«ምን?»

ሩፋኤል ፈርቶ ነበር። «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ሊጠይቅም ፈልጎ ነበር። አብነት ግን ድምፁን ቁጣ አድርጎ ሰማው።

«ምንም። የማረፊያ ጎማው ወርዷል።»

ነፋሱ ከኋላ ገፋቸው። አውሮፕላኑ ሜዳውን ጨረሰ፣ የፊት ጎማው ተሰበረ፣ የጋሽ ደርሰህ የጤፍ ክምር ውስጥ ገብቶ ቆመ። የአንዲት ሴት ክንድ ከመሰበሩ በቀር ሰው ሁሉ ተረፈ። የዓመቱ ጤፍ ግን አፈር ሆነ።

ጋሽ ደርሰህ አውሮፕላኑ ላይ ወጥተው ሩፋኤልን ወንበሩ ላይ አገኙት። ቀበቶውን እንኳ አልፈታም።

«ልጄ፣ ተርፈሃል? ነፋሱን በገለባ ሳሳይህ ነበርኮ!»

«እንደሚያሳዩ አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ አትጠይቅም?»

«የምጠይቀው ሰው የለኝም፣ አባቴ» አለና አለቀሰ።

ሦስት ቀን ጋሽ ደርሰህ ቤት ሰነበተ፤ ያንን ፊርማ ጨምሮ ሁሉንም ነገራቸው። በሦስተኛው ቀን አቶ ዘርጋው መጥቶ የወረዳውን ሕዝብ የአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር ሰበሰበ። «ስሕተቱ የካፒቴኑ ነው፤ ታግዷል» አለ። ሰው ሁሉ ሩፋኤልን አየው፤ ብቻውን ቆሟል፣ ትከሻው ላይ መስመር የለም። ያን ጊዜ አብነት ከሰው መሐል ወጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«እኔም አይቼ ዝም ብያለሁ፣ ሩፌ።»

ጋሽ ደርሰህ መንሻቸውን ይዘው ወደፊት መጡ። «ጌታው፣ ስልሳውን አሥራ ሁለት ያደረገው ማነው?»

«እሱ የውስጥ አሠራር ነው፣ አባት። ቢሮ መጥተው እንነጋገራለን።»

«አውሮፕላንህ ቢሮህ አልገባም፤ ክምሬ ውስጥ ነው የገባው!»

አቶ ዘርጋው መኪናውን ፈለገ። ሽማግሌው መንሻቸውን መንገዱ ላይ ተክለው ቆሙና እንዲህ አሉ፦ «ሮጦ የወጣ መካሪ አጣ፤ ያስሮጠውስ እዚሁ ሕዝብ ፊት ይመልስ!»