የድልድዩ መዋጮ

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ባይለየኝ ለወንዙ ድልድይ መዋጮ ሲሰበስቡ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። ድልድዩ ግን እስካሁን ከቃለ ጉባኤ አልወጣም። ሁለቱን ዓመት ሳያጓድሉ የከፈሉ አንዲት ባልቴት ዘንድሮ «ሥራውን ሳላይ ሳንቲም አልሰጥም» ስላሉ፣ ሊቀመንበሩ ሁለት ሚሊሻ አስከትለው በሐምሌ ዝናብ ደጃቸው ደረሱ።

«እማማ፣ ልማት የሚያደናቅፍ ይቀጣል። እስኪከፍሉ ድረስ በሬዎን ወስደን ከወንዙ ማዶ፣ ወረዳው ግቢ እናስረዋለን» አሉ።

ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ የሚያርስላቸው ያ በሬ ብቻ ነው። ቢሆንም ባልቴቷ አልለመኑም፤ በሬውን ፈትተው ገመዱን ለሊቀመንበሩ አስጨበጧቸው።

«እንካ ልጄ፣ ውሰደው። ብቻ ወንዙ ሞልቷልና ውሃ እንዳይወስድብኝ፣ አደራህን በድልድዩ አሻግረው።»