የተበሳው ሜዳሊያ

ፊታውራሪ ዘውገ የጣሊያንን ወረራ ዘመን በስደት ኢየሩሳሌም ተቀምጠው አሳለፉ። ሲመለሱ ግን የጣሊያን መኮንኖችን ሜዳሊያ መሰብሰብ ወደዱ፤ በመስታወት ሣጥን ደርድረው ለመጣ እንግዳ ሁሉ የጦር ሜዳ ወሬ ያወሩበት ጀመር።

አንድ አርበኛ የነበረ ገበሬ ሜዳሊያ እንዳለው ሰሙና አስጠሩት። ሰውየው ከጋቢው ጫፍ ፈትቶ ሰጣቸው። ፊታውራሪ ወደ ብርሃን አንሥተው ቢያዩት መካከሉ ተበስቷል።

«አንተ ደንቆሮ!» አሉ በእንግዶቻቸው ፊት። «ይህን የመሰለ ዕቃ ግድግዳ ላይ በምስማር ቸንክረህ አበላሸኸው? ሳይበሳ ብታመጣልኝ ምን ነበረበት? ተናገር፤ አለዚያ ትገረፋለህ!»

ገበሬው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«ምስማር አልነካውም ጌታዬ። የበሳው የእኔ ጥይት ነው፤ ያን ጊዜ ሜዳሊያው ባለቤቱ ደረት ላይ ነበር። ጥይቴ ባይበሳው ኖሮ፣ ዛሬ እዚህ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚቆጣኝ እሱ ነበር።»