ራቁቴን ዘይት ውስጥ አልገባም ያለው ሥጋ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፣ የራበው ደግሞ ሆዱን ይያዝ፤ የማወጋው የመብል ነገር ነው።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አምሳለ የምትባል ሴት ከአባቷ ከአባባ ወልደየስ ጋር ትኖር ነበር። እናቷ ወይዘሮ በላይነሽ ከሞቱ ወዲህ እህል አልወርድላቸው ብሎ የአባባ ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ጨምሯል። "ምን ልሥራልዎት?" ብትላቸው፣ "እናትሽ ለቅበላ ትሠራው የነበረውን ኮቶሌት" አሉ። ቅበላው ደግሞ ዛሬ ነው! ነገ ሁዳዴ ይገባል፤ ዛሬ ካልተበላ እስከ ፋሲካ ሃምሳ አምስት ቀን ሥጋ የለም። እስከዚያ ከሰውዬው ምን ሊቀር ነው?

አምሳለ የቲማቲም ስልሱን ሠራች፣ የፈረንጁን አይብ፣ ፎርማጆውን፣ ቆራረጠች፣ ሥጋውን ደብድባ አሳሳችና ወደ መጥበሻው አስጠጋችው። ሥጋው ግን "ኧረ ባክሽ! ራቁቴን ዘይት ውስጥ አልገባም፤ ፍርፋሪ አልብሺኝ" አላት። ይሉኝታ ያለው ሥጋ!

ወደ ዳቦው ፍርፋሪ ሄደች። "ፍርፋሪ ፍርፋሪ፣ ሥጋውን አልብሰው! ሥጋው ራቁቴን አልገባም አለ፤ አባባም ጾማቸውን ሊውሉ ነው።" ፍርፋሪው "ያለ እንቁላል አልጣበቅም፤ እኔ ምን ሙጫ አለኝ?" አለ።

ወደ ዶሮዋ ሮጠች። "ዶሮ ዶሮ፣ ከእንቁላሉ ላይ ተነሺልኝ! ፍርፋሪው ያለ እንቁላል አልጣበቅም አለ፤ ሥጋው ራቁቴን አልገባም አለ፤ አባባም ጾማቸውን ሊውሉ ነው።" ዶሮዋ "ያ ሌባ ድመት ደጄ ላይ ተጋድሞ? ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነሳም!" አለች።

ወደ ድመቱ ዞረች። "ድመት ድመት፣ ሂድልኝ! ዶሮዋ ድመቱ እያለ አልነሳም አለች፤ ፍርፋሪው ያለ እንቁላል አልጣበቅም አለ፤ ሥጋው ራቁቴን አልገባም አለ፤ አባባም ጾማቸውን ሊውሉ ነው።" ድመቱ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። "እኔ የጎረቤትሽ የእትዬ ድንቄ ድመት ነኝ። እመቤቴ ካልጠራችኝ አልነቃነቅም።"

ወደ አጥሩ ሄደች። "እትዬ ድንቄ፣ ድመትዎን ይጥሩልኝ! ድመቱ እመቤቴ ካልጠራችኝ አልነቃነቅም አለ፤ ዶሮዋ ድመቱ እያለ አልነሳም አለች፤ ፍርፋሪው ያለ እንቁላል አልጣበቅም አለ፤ ሥጋው ራቁቴን አልገባም አለ፤ አባባም ጾማቸውን ሊውሉ ነው።"

እትዬ ድንቄ መቀነታቸውን አጠበቁ። "በእናትሽ ተዝካር ላይ 'ነፍሷን ይማር፣ ኮቶሌቷ ግን ጨው ይበዛው ነበር' ባልኩ፣ አባትሽ ስንት ወር ዘጋኝ! ነገ ጾም ነው። ይቅር ለእግዜር እስኪለኝ ድመቴ እዚያው ይተኛ!"

አምሳለ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ወደ አባቷ ገባች። "አባባ፣ ይቅር ይበሏቸው! እትዬ ድንቄ ይቅር ካልተባልኩ ድመቴን አልጠራም አሉ፤ ድመቱ ካልተጠራሁ አልነቃነቅም አለ፤ ዶሮዋ ድመቱ እያለ አልነሳም አለች፤ ፍርፋሪው ያለ እንቁላል አልጣበቅም አለ፤ ሥጋው ራቁቴን ዘይት ውስጥ አልገባም አለ፤ እርስዎም ጾምዎን ሊውሉ ነው!"

"በባዶ ሆዴ ይቅር አልልም" አሉ አባባ። "መጀመሪያ ኮቶሌቴን አምጪ።"

ይኸው! ዞሮ ዞሮ እዚያው። አምሳለ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "እኔን የጨነቀኝ ኮቶሌቱ መሰለዎት? እማዬን ቀበርኩ፤ እርስዎን ደግሞ ልቅበር?"

አባባ ወደ እሷ ዞሩ። "ሥጋው ምን አለ አልሽኝ?" ሲሉ ጠየቁ።

"ራቁቴን አልገባም።"

ሳቅ አመለጣቸው። ወይዘሮ በላይነሽ ከሞቱ ወዲህ ያልሳቁት ሳቅ ነበር። ከአጥሩ ማዶም ሌላ ሳቅ ተሰማ፤ እትዬ ድንቄ ለካ ጆሯቸውን ለጥፈው ኖሯል። አባባ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። "አንቺ ድንቄ፣ ይቅር ለእግዜር! ነይ አብረን እንብላ።"

አባባ ይቅር ሲሉ እትዬ ድንቄ ድመቱን ጠሩ፤ ድመቱ ሲሄድ ዶሮዋ ተነሳች፤ ዶሮዋ ስትነሳ እንቁላሉ ተገኘ፤ እንቁላሉ ሲመታ ፍርፋሪው ተጣበቀ፤ ፍርፋሪው ሲጣበቅ ሥጋው እንደ ሙሽራ ለብሶ ዘይቱ ውስጥ ቸስ አለ! ስልሱ ከላዩ ፈሰሰ፣ ፎርማጆው ቀለጠ።

አባባ አንዴ ጎረሱ። አላመጡ።

"አምሳለ።"

"አቤት አባባ።"

"ጨው አንሶታል።" ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። "የእናትሽ ጨው ይበዛው ነበር። አርባ ዓመት እንደዚያ ነው የወደድኩት። ጨምሪበት።"

ጨዉን ያቀበሉት እትዬ ድንቄ ራሳቸው ናቸው። አባባም ሳህኑን ጠርገው "ድገሚኝ" አሉ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱት። ያለው ዳቦ ሁሉ ተፈርፍሮ ሥጋው ለብሶታል።