ለሙሚና አንድ ጀሪካን ውሃ

ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅርብ፤ የጠማውም ትንሽ ይታገሠኝ፤ ወሬዬ የውሃ ነውና።

አሸዋ ሜዳ የምትባል የቆላ ከተማ ነበረች። ዝናብ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ፣ ፊቱን አሳይቶ የሚመለስባት ከተማ ናት። ከኮረብታው ሥር አንዲት ምንጭ አለቻት። ድሮ ከዚያች ምንጭ የሚጠጣው አራት መቶ ቤት ነበር። ከዚያ መንገድ መጣ፤ በመንገዱ ነጋዴ መጣ፤ ከነጋዴው በኋላ ደግሞ ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደር ልጆቹን ይዞ መጣና ከከተማው በላይ ላስቲክ ወጥሮ ሰፈረ። ሰው በዛ። ምንጯ ግን ያችው አንዲት ምንጭ ነበረች።

በከተማዋ ጤና ጣቢያ መይረም የምትባል አዋላጅ ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቁጭ ማለት የማታውቅ ሴት ናት። አንድ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሙሚና፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ምጥ ይዟት መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። መይረም አስተኛቻት፤ መረመረቻት። ገና ነው፤ ግን ሩቅ አይደለም። እጇን ልትታጠብ ሄዳ የበርሜሉን ቧንቧ ስትከፍተው አንዴ እንደ ሳል አድርጎት ዝም አለ።

"ውዴ! ውሃው የታለ?" ብላ ረዳቷን ጠራች።

"ጠዋት ለቆሰለው ሰውዬ አለቀ፣ ሲስተር። አልኮሉም ካለቀ ሳምንቱ ነው።"

መይረም ደነገጠች። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ውሃ ጠፍቶ በደረቅ እጅ ያዋለደቻት እናት በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ይዟት ሞታለች። ከዚያ ወዲህ "እጄን ሳልታጠብ ሕፃን አልቀበልም" ብላ ምላለች።

"አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ" አለች። "አንድ። አጠገቧ ሁኚ፤ ምጡ ሲቀራረብ ደውዪልኝ።" ባዶ ጀሪካን አንስታ ወጣች።

ቦኖው ጋ ስትደርስ ጠባቂዋ እትዬ ትርፌ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በጥላ ሥር ተቀምጣለች። ከፊቷ መቶ ጀሪካን ተሰልፏል።

"እትዬ ትርፌ፣ ሙሚና ምጥ ላይ ናት። አንዷን ብቻ ቅጂልኝ።"

"እኔ መቅዳት ጠላሁ? ታንከሩ ባዶ ነው! ብትፈልጊ ቁልፉን እንኪ፤ ከፍተሽ እዪው። ሂጂና ሞተረኛውን ደገፉን ጠይቂው፤ ሞተር የማያስነሳው እሱ ነው።"

ታንከሩ ባዶ ነው፤ ቦኖው አይፈስም። ቦኖው ካልፈሰሰ ጀሪካኑ አይሞላም። ጀሪካኑ ካልሞላ መይረም እጇን አትታጠብም። ምጥ ግን ተራ አይጠብቅም። ሩጪ፣ መይረም!

ሮጠች። ደገፉ ከሞተር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል።

"ደገፉ፣ ወንድሜ፣ ሞተሩን አስነሳልኝ! ሴት ልትወልድ ነው!"

"ምን ይስባል ብዬ ላስነሳው፣ ሲስተር? ነይ እዪ።" ከሞተሩ ሥር ያለውን ገንዳ አሳያት። ታች አንድ ክንድ የማይሞላ ጭቃ ውሃ ተኝቷል። "ባዶ ገንዳ ላይ ባስነሳው ይቃጠላል። ከተቃጠለ ደግሞ የዛሬን ሳይሆን የዓመቱን ውሃ አጣን። ምንጯ ሙሉውን ወደ ሽንኩርት ማሳ ነው የምትሄደው። ጋሽ ቱፋ የቦዩን በር ይዝጉና ውሃው ወደኔ ይምጣ፤ ያኔ አስነሳለሁ።"

ገንዳው ባዶ ነው፤ ሞተሩ አይነሳም። ሞተሩ ካልተነሳ ታንከሩ አይሞላም። ታንከሩ ካልሞላ ቦኖው አይፈስም። ቦኖው ካልፈሰሰ ጀሪካኑ አይሞላም። ጀሪካኑ ካልሞላ መይረም እጇን አትታጠብም። ምጥ ግን ተራ አይጠብቅም። ሩጪ፣ መይረም!

ሽቅብ ወደ ቦዩ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። "ሲስተር፣ በየአሥር ደቂቃው ሆኗል" አለች ውዴ።

ጋሽ ቱፋ አካፋቸውን ተደግፈው በቦዩ በር ላይ ቆመዋል። በሩ የብረት ሉህ ነው፤ ወደ ታች ቢገፉት ውሃው ወደ ከተማው ይዞራል። እሳቸው ግን እንደ ዘብ ቆመውበታል።

"ጋሽ ቱፋ፣ አባቴ፣ ለአንድ ሰዓት ይዝጉልኝ! ሙሚና በምጥ ላይ ናት!"

"ልጄ፣ ያማርሽን ሁሉ ጠይቂኝ፤ በሩን ግን አልነካም" አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ድካም ነው ያለው። "ባለፈው ወር ለከተማው ብዬ ለአንድ ቀን ዘጋሁ። ሲከፈት ከታች ያሉት ገበሬዎች ወሰዱት፤ ለሦስት ቀን ውሃው አልተመለሰልኝም። ግማሹ ሽንኩርቴ እንደ ወረቀት ደረቀ። ሰባት ነፍስ የማበላው ከዚህ ነው። እኔ ማታ ማጠጣት ጠልቼ ነው? ማታ ፀሐይ አትቀማኝም ነበር። ግን ማታ ውሃው የኔ መሆኑን ማን አረጋገጠልኝ? የውሃ አባቱ አቶ ግዛቸው ተራ ያውጡ፤ ያኔ በሩን በገዛ እግሬ ረግጬ እዘጋዋለሁ።"

ተራ የለም፤ በሩ አይዘጋም። በሩ ካልተዘጋ ገንዳው አይሞላም። ገንዳው ካልሞላ ሞተሩ አይነሳም። ሞተሩ ካልተነሳ ታንከሩ አይሞላም። ታንከሩ ካልሞላ ቦኖው አይፈስም። ቦኖው ካልፈሰሰ ጀሪካኑ አይሞላም። ጀሪካኑ ካልሞላ መይረም እጇን አትታጠብም። ምጥ ግን ተራ አይጠብቅም። ሩጪ፣ መይረም! ጫማሽን አውልቂና ሩጪ!

አቶ ግዛቸውን ከቤታቸው ደጅ፣ ደብተር ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኘቻቸው። ውሃ የሚያከፋፍሉ፣ ስለ ውሃ የሚዳኙ ሰው ናቸው። ከቅንድባቸው በላይ ጠባሳ አለ፤ ባለፈው ተራ ሲያወጡ ያረፈባቸው ድንጋይ ነው።

"አቶ ግዛቸው፣ ተራ ያውጡ! አሁን! አንዲት ሴት . . ."

"ሰምቻለሁ፣ ሲስተር። ከተማው ሁሉ ሰምቷል።" ደብተሩን አዞሩላት። "እዪ። ይህ ለአራት መቶ ቤት የወጣ ተራ ነው። ዛሬ ከተማው ብቻ ሰባት መቶ ቤት ሆኗል፤ ላስቲክ ወጥረው የሰፈሩትን የላይ ሰፈሮቹን አላውቅም። ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጀሪካን ልበል። ለስንት ሰው? ያን ሳላውቅ ስንት ሰዓት ለሽንኩርት፣ ስንት ሰዓት ለሰው ብዬ እቆርጣለሁ? ባለፈው በግምት አወጣሁት፤ በሁለተኛው ቀን ያልቆጠርኩት ሰው መጣ፤ ተራው ፈረሰ፤ ድንጋዩም መጣ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ለክትባት በየቤቱ ገብተሻል፤ መዝገብ አለሽ።"

መይረም ቁጥሩን በቃሏ ታውቀው ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር።

"እናቶቹ ስማቸውን የሰጡኝ ለልጆቻቸው ክትባት ነው" አለች። "ለሌላ አይውልም ብዬ ነው የጻፍኩት። አልነግርዎትም። ራሳቸው ይንገሩ።"

"እንግዲያ ወደ ሼህ ኡመሬ ሂጂ። ላይ ሰፈር ያለ እሳቸው አይናገርም።"

ቁጥር የለም፤ ተራ አይወጣም። ተራ ካልወጣ በሩ አይዘጋም። በሩ ካልተዘጋ ገንዳው አይሞላም። ገንዳው ካልሞላ ሞተሩ አይነሳም። ሞተሩ ካልተነሳ ታንከሩ አይሞላም። ታንከሩ ካልሞላ ቦኖው አይፈስም። ቦኖው ካልፈሰሰ ጀሪካኑ አይሞላም። ጀሪካኑ ካልሞላ መይረም እጇን አትታጠብም። ምጥ ግን ተራ አይጠብቅም። ስልኩም ጮኸ። "በየአምስት ደቂቃው፣ ሲስተር! የት ነሽ?"

ሼህ ኡመሬ ከላስቲክ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ነበር። መይረም ትንፋሿ ተቆራርጦ ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

"ሁለት ጊዜ ተቆጥረናል" አሉ። "መጀመሪያ ቆጠሩንና 'በዝታችኋል' ብለው ካለንበት አስነሱን። ሁለተኛም ቆጠሩን፤ ስማችንን ይዘው ሄዱ፤ እንደወጡ ቀሩ። እዚህ ደግሞ ሴቶቻችን ቦኖ ሲሄዱ 'ዝርዝር ላይ የላችሁም' ተብለው ይመለሳሉ። ቦኖው እንደ ሰው ካልቀዳልን ቁጥር አንሰጥም።"

መይረም እዚያው አፈር ላይ ተቀመጠች። ቁጥሩ ቦኖውን ይጠብቃል። ቦኖው ታንከሩን፣ ታንከሩ ሞተሩን፣ ሞተሩ ገንዳውን፣ ገንዳው በሩን፣ በሩ ተራውን፣ ተራው ደግሞ ቁጥሩን ይጠብቃል። ዞሮ ዞሮ ከጀመረችበት ደርሳለች። ጀሪካኑ አጠገቧ ወደቀ፤ እንደ ከበሮ ጮኸ።

"ሼህ ኡመሬ" አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። "እኔ ቁጥራችሁን አውቀዋለሁ። አቶ ግዛቸው ጠየቁኝ። ብናገር ኖሮ አሁን ውሃ በእጄ ነበር። አልተናገርኩም።"

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። "ለምን?"

"የናንተ ስለሆነ። ሌላ ሰው ከወሰደው ቆጠራ ነው፤ እናንተ ከሰጣችሁት ግን ድርሻችሁን መጠየቅ ነው። ቦኖው እንደሚቀዳላችሁ እኔ ቃል ልገባ አልችልም፤ ቁልፉ የኔ አይደለም። ይምጡና ከአቶ ግዛቸው አፍ ይስሙ።"

"የምትወልደዋ ማን ናት?"

"ሙሚና። የሻይ ቤቷ።"

"አላውቃትም።"

"እሷም አታውቅዎትም።"

ሼህ ኡመሬ ጢማቸውን ዳሰሱ፤ ምርኩዛቸውን ያዙ፤ ተነሡ። በዚያ ዕድሜ እንዲህ የሚራመድ ሰው መይረም አይታ አታውቅም። እሷ ስትሮጥ እሳቸው ከኋላዋ አልራቁም።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት" አሉ አቶ ግዛቸው ፊት ቆመው። "አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ነፍስ። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ ስሜን ከሥሩ ጻፍ። ሴቶቻችንም ከዛሬ ጀምሮ ከቦኖው እኩል ይቅዱ።"

"እኩል ይቀዳሉ" አሉ አቶ ግዛቸው። "ካልተቀዳላቸው ወደኔ ይምጡ፤ ድንጋዩንም ለምጄዋለሁ።" እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሮጠ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ውሃው ለሰው ሁሉ፤ ከዚያ እስከ ንጋት ለሽንኩርት፣ በየማሳው ስም፤ ከንጋት እስከ አምስት ለታችኞቹ ገበሬዎች። ፈረሙ። ሼህ ኡመሬም አጠገቡ ጣታቸውን አተሙ።

ቁጥሩ ተነገረ፤ ተራው ወጣ። ጋሽ ቱፋ መይረም ያመጣችላቸውን ወረቀት ሁለቴ አንብበው ስማቸውን ከማታው ተራ ላይ ሲያገኙ በሩን በእግራቸው ረገጡት። በሩ ተዘጋ፤ ገንዳው ሞላ። ገንዳው ሞላ፤ ደገፉ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ተነሳ፤ ታንከሩ ጠጣ። ታንከሩ ጠጣ፤ እትዬ ትርፌ ቁልፉን አዞረች። ቦኖው መጀመሪያ አየር ተፋ፤ ቀጥሎ ቀይ ውሃ፤ ቀጥሎ ንጹሕ። ጀሪካኑ ሞላ።

ስልኩም ጮኸ። "ሲስተር፣ ራሱ ይታያል!"

መይረም ጀሪካኑን ተሸክማ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ውዴ አፈሰሰችላት፤ እሷ ታጠበች፤ እስከ ክርኗ፣ በሳሙና፣ ሁለቴ። ከዚያ ተንበርክካ፣ "አሁን ግፊ፣ ሙሚናዬ" አለች። ሙሚና ገፋች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጤና ጣቢያውን የሚሰነጥቅ ጩኸት ጮኸች።

ትኩሳት በሦስተኛው ቀን አልመጣም። በሰባተኛውም አልመጣም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሙሚና ሻይ ቤቷን ከፈተች።

ቦኖው ጋ ጭቅጭቁ አልቆመም። በማግሥቱ አንዲት የላይ ሰፈር ሴትና አንዲት የከተማ ሴት በአንድ ጀሪካን ቦታ ተያይዘው እትዬ ትርፌ እስክትጮኽባቸው ድረስ ተሰዳደቡ። ከዚያ ሁለቱም ቀዱ፤ ሁለቱም ተሸክመው ሄዱ።

እኔም ወሬዬን እዚህ ላይ አፈሰስኩት። ጉሮሮዬ ደርቋል፤ የሰማ ሰው አንድ ጣሳ ያቀብለኝ።