የሰረዘቻቸው ኮርሶች

አንዲት ልጅ ነበረች። ኮሌጅ ገብታ ሁለት ዓመት ተምራለች፤ በምን እንደምትመረቅ ግን ገና አልወሰነችም። ሰነፍ ሆና አይደለም። ችግሯ ሁሉንም መውደዷ ነበር። ቋንቋ ስትማር ቋንቋ ይጥማታል፤ ሥነ ሕይወት ስትማር ደግሞ ሥነ ሕይወት። ከመካከላችሁ እንዲህ ያለ ሰው የለም?

ኮሌጁ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ አንድ በር ነበረው። ተማሪው የትምህርት መስኩን ራሱ ይነድፋል። ከየትምህርት ክፍሉ ኮርስ ይመርጣል፣ ዕቅዱን ይጽፋል፣ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያስረዳል። ካጸደቁለት በዚያው ይመረቃል።

ልጅቷ ይህን ስትሰማ ደስታዋ ወሰን አጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሠላሳ አራት ኮርስ ያለው ዕቅድ ጽፋ ወደ አማካሪዋ ሄደች። አማካሪዋ ዶክተር ገበየሁ የሚባሉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ሙዚቃ አለ። ሥነ ልቦና አለ። የምልክት ቋንቋ አለ። የአዋላጅነት ትምህርት አለ። የሆቴል አስተዳደር ሳይቀር አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቅድ አይደለም፤ የቅዳሜ ገበያ ዘንቢል ነው» አሏት።

«ሁሉንም ስለምወዳቸው እኮ ነው፣ ዶክተር።»

«መውደድሽንማ አየሁ። ይህን ሁሉ ተምረሽ ለማን ነው የምትጠቅሚው? እሱን የቱ ገጽ ላይ ጻፍሽው?»

ዕቅዷን አንሥታ ወጣች። ተናደደችም። ሰው የሚማረው ለራሱ አይደል እንዴ? እየተብሰለሰለች፣ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ሄደች።

ቤት ውስጥ ታላቅ እኅቷ እናኑ አለች። እናኑ መስማት የተሳናት ናት፤ ያን ጊዜ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። በማግስቱ ለእርግዝና ክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ ልጅቷ ልታስተረጉምላት አብራት ሄደች። ከልጅነቷ ጀምሮ የእኅቷ አስተርጓሚ እሷ ነበረች።

አዋላጇ ደግ ሴት ናት። የእናኑን ደም ግፊት ለካች፤ ፊቷ ቅጭም አለ። ከዚያ ብዙ ተናገረች። ስለ ጨው ተናገረች። ስለ እግር እብጠት ተናገረች። ራስ ምታት ከበረታ፣ ዓይን ብዥ ካለ፣ ያኔውኑ መምጣት እንዳለባት ተናገረች። ግን ለማን ነው የተናገረችው? ለእናኑ አይደለም። ለልጅቷ ነው።

እናኑ የእኅቷን እጅጌ ሳብ አደረገች። «ምን አለች?» ብላ በእጇ ጠየቀቻት።

ልጅቷም በእጇ መለሰችላት፤ «ደህና ነሽ። ጨው ብቻ ቀንሺ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ለምን እንዲህ አደረገች? ለግማሹ ነገር ምልክቱን አታውቀውም። ግማሹን ደግሞ እኅቴን አስደነግጣታለሁ ብላ ፈራች። ወገኖቼ፣ ክፋት አልነበረም። ፍቅር ነበር። ግን በቂ ያልሆነ ፍቅር ነበር።

ጥቂት እንደሄዱ እናኑ መንገድ ላይ ቆመች። እጆቿ በቁጣ ተናገሩ።

«ሴትየዋ ብዙ ስታወራ አይቻለሁ። አንቺ የነገርሽኝ ሁለት ነገር ነው። ሌላው የት ሄደ? ሆዴ ውስጥ ያለው እኮ የኔ ልጅ ነው!»

ልጅቷ አፈረች። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሁሉንም እንደ አዲስ ትነግራት ጀመር። ምልክት ያጣችለትን ቃል በጣቶቿ ፊደል በፊደል ጻፈችው። ያም ሲያቅታት መሬት ላይ በእንጨት ሣለችው። ስለ ዓይን ብዥታ ስትደርስ እናኑ እጇን ያዘቻት።

«ከማክሰኞ ጀምሮ እንደዚያ እየሆነብኝ ነው» አለቻት። «ማንም አልጠየቀኝም።»

ተያይዘው ተመለሱ። አዋላጇ ይህን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም፤ አምቡላንስ ጠርታ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እናኑ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሕፃኗ ትንሽ ነበረች፣ ሁለት ሳምንትም በማሞቂያ ቆየች። ግን ኖረች። እናትዋም ኖረች።

ልጅቷ ወደ ኮሌጅ ስትመለስ ሠላሳ አራቱን ኮርስ ፊቷ ዘረጋች። መሰረዝ ጀመረች። የሆቴል አስተዳደርን ስትሰርዝ ምንም አልመሰላትም። ሙዚቃን ስትሰርዝ ግን አለቀሰች፤ ክራር መምታት ነፍሷ ነበርና። የምልክት ቋንቋ ቀረ። አዋላጅነት ቀረ። ሥነ ልቦና ቀረ።

ኮሚቴው ፊት ስትቀርብ አንደኛው መምህር፣ «ግማሽ አዋላጅ፣ ግማሽ አስተርጓሚ! ማን ይቀጥርሻል?» አሏት።

«ማን እንደሚቀጥረኝ አላውቅም፣ መምህር። ማን እንደሚፈልገኝ ግን አውቃለሁ» አለችና የእኅቷን ነገር ነገረቻቸው።

«ግማሽ አዋላጅማ አናስመርቅም» አሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ። «ሙሉውን ትማሪያለሽ። አንድ ዓመት ይጨመርብሻል።» እሺ አለች። ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ ገና ትማር ነበር። ከተመረቀችም በኋላ የሚገባትን ሥራ እስክታገኝ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ዛሬ በአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ትሠራለች። መስማት የተሳናት እናት ስትገባ፣ የሚነገረው ሁሉ ለእናትየዋ ለራሷ ይነገራል።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ከእናንተ ውስጥ በዚህ ወር የትምህርት ምርጫ ፎርም የምትሞሉ አላችሁ። ልጃችሁን «ይህን ካልሆንክ» እያላችሁ የምታስጨንቁም አላችሁ። ትምህርት ድሮ ቀረ የምትሉም ብትሆኑ፣ ነገ የምትሠሩትን ታቅዱ የለም ወይ?

ሁሉን መውደድ ኃጢአት አይደለም። ያንን ሁሉ ፍላጎት በልባችሁ የዘራው እግዚአብሔር ነው። ነገር ግን የትኛው ይቆይ? የትኛው ይሰረዝ? በምን ታውቁታላችሁ?

ስለ ራሴ ልንገራችሁ። እኔ ለዓመታት ስማር ያሰብኩት፣ ቆሜ ስናገር ሰው እንዴት እንደሚያደንቀኝ ነበር። ማን እንደሚሰማኝ እንጂ፣ ማን እንደተጨነቀ አልጠየቅኩም። ይህን ስናገር አሁንም አፍራለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ምን ልሁን ብላችሁ አትጀምሩ። በእናንተ መካከል ማን እየተጎዳ እንደሆነ ተመልከቱ። አጠገቡ ተቀመጡ። «ምን ሆነሃል? ምን ሆነሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው አድምጡ። ብዕሩን ከዚያ በኋላ አንሡት።